ከልብስ ድንጋዮቹ በታች

ይድረስ፣ ስምህን ለመጥራት ድፍረት ላጣሁት፤

እንዴት ሰንብተሃል? ጤናህ ደህና ነው? ብርድ በነካው ቁጥር ይጠዘጥዝህ የነበረው ትከሻህስ ተሻለህ? እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ የአባቴን ጉልበት መምሰል ጀመረ እንጂ ይህ ነው የሚባል ሕመም የለብኝም። ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ ብድግ ብሎ እንዴት ሰነበትክ ማለት ዓይንን በጨው መታጠብ እንደሆነ አውቃለሁ። ታጥቤ ነው የመጣሁት። ደብዳቤውን ቀዳደህ ብትጥለው አልቀየምህም፤ ብቻ እባክህ መጀመሪያ አንብበው፣ ከዚያ ቅደደው።

አድራሻህን ያገኘሁት ከወፍጮ ቤቱ ባለቤት ሚስት ነው። እህቷን ልትጠይቅ አንተ ወዳለህበት ከተማ ሄዳ፣ አንድ ፎቅ ከሚሠራበት አጥር ሥር አይታህ ኖሯል። ስትመለስ እንደ ተራ ወሬ አድርጋ ነገረችኝ። ግንበኛ ሆኖ እንዳይመስልሽ፣ ለሌሎች ግንበኞች ሲሚንቶ ሲያቦካ ነው ያየሁት፣ ፀጉሩም ሸብቷል አለችኝ። ቤቴ ገብቼ በሩን ዘግቼ አለቀስኩ። እንዳንተ ድንጋይ የሚጠርብ ሰው በዚህ አካባቢ አልነበረም። አንተን ሲሚንቶ አቡኪ ያደረግሁህ ደግሞ እኔ ነኝ። ይኸው፣ ዋናውን ነገር አልኩት። አሁን ከሥሩ ጀምሬ ልንገርህ።

ስለ ወንዛችን ልጀምር፤ ናፍቆህም ይሆናል። ደግሞ ጥፋቴ ያለው እዚያው ወንዙ ውስጥ ስለሆነ ወንዙን ዘልዬ ልነግርህ አልችልም። ዛሬም ያው ትንሽ ወንዝ ነው። በበጋ ረጅም እግር ያለው ሰው ሁለቴ ተራምዶ ይሻገረዋል። ከኮረብታው ሥር ካሉት ሦስት ምንጮች ይነሣል፤ እዚያ ለመጠጥ ይቀዳል፣ ከብት አይጠጋም። ወረድ ሲል የልብስ ድንጋዮቹ ጋ ይደርሳል፣ ከድንጋይ ማውጫህ ፊት ለፊት። ከድንጋዮቹ በታች ግማሹ በቦይ ወደ አትክልት ቦታዎቹ ይዞራል፣ የቀረው ወፍጮውን ያዞራል። ወፍጮ ቤቱን አለፍ እንዳለ ቀዩ የምንለው ጅረት በግራ በኩል ይገባበታል። ቀዩን መቼም አትረሳውም። ዓመቱን ሙሉ ፍየል የሚተኛበት ደረቅ አሸዋ ነው፤ ከተራራው ማዶ ዝናብ ሲጥል ብቻ ቀይ ጭቃውን ይዞ ይመጣል። ከቀዩ በታች ወንዙ ይታጠፋል፣ እጥፋቱ ላይ ቀይና ነጭ የተቀባው የአባቴ የውሃ መለኪያ እንጨት ቆሟል። ከዚያ ጡብ ማምረቻው፣ ከዚያ የድልድዩ ቦታ፣ ከዚያ ሜዳው ላይ ተዘርግቶ ትልቁን ወንዝ ይቀላቀላል። ከጫፍ እስከ ጫፍ በእግር ግማሽ ቀን አይፈጅም። ይህን ያህል ትንሽ ወንዝ የሰው ኑሮ ያፈርሳል ብሎ ማን ይጠረጥራል! ግን ወንዙን ለምን አማዋለሁ፤ ያፈረስኩት እኔ ነኝ።

አባቴን ሰው ሁሉ ውሃ ለኪው ይለው ነበር። ሥራው በየቀኑ ልክ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ የውሃውን ከፍታ ከእንጨቱ አንብቦ ለውሃ ቢሮው መዝገብ ላይ መጻፍ ነበር። ለአንድ ሰዓት አምስት ጉዳይ አይሆንም፣ አንድ ሰዓት ከአምስትም አይሆንም። ጉልበቱ እምቢ ሲለው ማንበቡን ለኔ ሰጠኝ፤ መጻፉን ግን ሞቶ ይገኛል እንጂ አይለቅም። እኔ ወርጄ አነባለሁ፣ መጥቼ ቁጥሩን እነግረዋለሁ፣ እሱ መነጽሩን አድርጎ በዚያ ውብ ጽሑፉ ይጽፈዋል። ጽፎ ሲጨርስ ቀና ብሎ ልክ ነው? ይለኛል። ልክ ነው እለዋለሁ። ከዚያ ቀለሙን እፍ ብሎ ያደርቀዋል።

አንተ ደግሞ ድንጋይ ማውጫው ውስጥ ብቻህን የምትሆነው ከአንድ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ተኩል፣ ሠራተኞችህ እስኪመጡ ድረስ ነበር። የልብስ ድንጋዮቹ ከቤታችን ሽቅብ አሥር ደቂቃ፤ መለኪያው ቁልቁል ሠላሳ ደቂቃ። ያኔ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር፤ ልጅ ነበርኩ ብዬ እንኳ እንዳላመካኝ እድሜዬ አይፈቅድልኝም። መላ መታሁ። አንድ ወር ሙሉ በሁለቱ ቦታ መካከል እየሮጥኩ፣ ውሃው ትልቁ የልብስ ድንጋይ ላይ እዚህ ሲደርስ መለኪያው ላይ ስንት እንደሚሆን አመሳከርኩ። ነገሩን ስነግርህ ሳቅክብኝ። ከዚያ ዓይንሽ እንዳይሳሳት ብለህ መሮና መዶሻህን አነሣህና ድንጋዩ ላይ መስመር በመስመር ቆረጥክልኝ። ከዚያ ወዲያ ወደ መለኪያው መውረድ ተውኩ። አልፎ አልፎ ሄጄ ሳረጋግጥ ከአምስት ሳንቲሜትር በላይ አልስትም ነበር። እንዴት እንደኮራሁ! ወንዙን የበለጥኩት መሰለኝ።

አባቴ ለሁለት ሰው ቤት ይህ ሁሉ ልብስ ከየት ይመጣል እያለ ይቀልድብኝ ነበር። አንዱን አንሶላ በሳምንት አራት ጊዜ እያጠብኩ ማዶ እስኪያሳይ አሳሳሁት። አንተም ልብስ አጣቢዋ ብለህ አወጣህልኝ። በዚያን ጊዜ ከኔ በላይ ደስተኛ ሰው አልነበረም። ይህንንም መናገር ያሳፍረኛል፣ ግን እውነት ነው።

አንድ ነገር ብቻ አላሰብኩም። ቀዩ ወደ ወንዙ የሚገባው ከድንጋዮቹ በታች ነው። ያንተ መስመሮች የሚያውቁት የላይኛውን ውሃ ብቻ ነው፤ ቀዩ ቢያብድ አይሰሙም። ማበዱ ደግሞ እምብዛም ነው። አባቴ ሥራውን ከያዘ ጀምሮ እስከዚያ ዘመን አንድ ቀን ብቻ አበደ፤ በዚያም ቀን እኔ እዚያ አልነበርኩም።

እሑድ ነበር። አንተ ሥራ የለህም፣ መዶሻውን ለሰበብ ይዘህ ነው የመጣኸው። እኛ በኩል ሲያካፋ ብቻ አደረ፤ ውሃው ሦስተኛው መስመር ላይ ነበር። አንድ ሜትር ከሃያ ብዬ ለአባቴ ነገርኩት፣ ጻፈው፣ ልክ ነው? አለኝ፣ ልክ ነው አልኩት። በማግስቱ ጡብ ሠሪው እየጮኸ መጣ። ነገር ማጋነን ስለሚወድ ሺ ጡብ የምንለው ያው ሰውዬ ነው። ቀዩ ጎህ ሳይቀድ መጥቶ ጡቤን አሟሟው፣ እምድጃዬ አፍ ድረስ ወጣ፣ ለምሳ ሰዓት ግን እንዳልነበረ ሆኖ ወረደ አለ። እሑድ ስለሆነ ማንም ወደ ታች አልወረደም፤ ያየው እሱ ብቻ ነበር። አባቴ መዝገቡን ከፍቶ አሳየውና፣ ወንዙ አንድ ሜትር ከሃያ ይላል፣ አንተ ሺ ትላለህ፣ ማንን ልመን? ብሎ ሳቀበት። ጩኸቱን ሰምቶ የመጣው ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

ያን ዕለት ላንተ ነገርኩህ። አልሳቅህም። ዛሬውኑ ሂጂና ለአባትሽ ንገሪው፣ የወንዝ ቁጥር ቀልድ አይደለም አልከኝ። እሺ አልኩህ። በነጋታው ነገርሽው ወይ? ስትለኝ፣ አዎ፣ ተቆጣኝ፣ ግን አስተካከለው አልኩህ። አልነገርኩትም ነበር። ልነግረው ሁለት ጊዜ በሩ ድረስ ሄጄ ተመለስኩ። ለአንድ ቀን ቁጥር ብዬ አባቴን ከማሳዝን፣ ደግሞም ጠዋት ጠዋት የት እንደምሆን ከማስነቃ፣ ይቅር አልኩ። አንተም አመንከኝ። ለምን አታምነኝም?

በሚቀጥለው ዓመት የድልድዩ መሐንዲስ መጣ። የአባቴን መዝገቦች ወሰደ፣ ከሃያ ሁለቱ ዓመት ውስጥ ትልቁን ቁጥር መረጠ፣ በዚያ ላይ ጨምሮ የድልድዩን ከፍታ ወሰነ። የግንባታውን ጨረታ አንተ አሸነፍክ። የዚያን ቀን እንዴት እንደሮጥክ፣ ጫማህ ጭቃ ውስጥ ቀርቶ በአንድ እግር ጫማ እቤታችን እንደገባህ አስታውሳለሁ። አባቴም እየሳቀ እኔን ሰጠህ፣ ቀለበት አሰርክልኝ። መዝገቡ የተስተካከለ መስሎህ፣ በስዕሉ መሠረት አንዲት ሳንቲሜትር ሳትሳሳት ሠራኸው። ድልድዩ ሲመረቅ ወለሉ ላይ ቆሜ ወደ ታች አየሁ። ዝቅ ያለ መሰለኝ። መስሎኝ ነው አልኩ።

ሁለት ዓመት ቆመ። ከዚያ ቀዩ ለሁለተኛ ጊዜ አበደ። መለኪያውን እንጨት ከነሥሩ ነቅሎ ወሰደው፤ ድልድዩንም ደረቱ ላይ መትቶ ጣለው። የወተት ጋሪ ነጂው ዛፍ ላይ ተንጠልጥሎ ተረፈ፣ ፈረሱ ግን ሞተ። የዚያን ፈረስ ጩኸት የሰማ ሰው ዛሬም ድረስ ያወራዋል።

አጣሪ ኮሚቴ የተቀመጠበትን አዳራሽ አንተ አትረሳውም፤ እኔም አልረሳሁትም። መሐንዲሱ ተነሥቶ፣ ውሃው በመዝገቡ መሠረት ወለሉ ጋ ሊደርስ አይችልም፣ ድልድዩ ቀድሞ ወድቆ ውሃውን ስለገደበው ነው ከፍ ያለው፤ የወደቀውም ሲሚንቶው ስላነሰ ነው አለ። ሲሚንቶው የት ሄደ? ሲባል ሁሉም ወዳንተ ዞረ። አባቴ በከዘራው ተደግፎ ቆመና፣ በሃያ አምስት ዓመት አንድ ቀን አልዘለልኩም፣ አንድ ቁጥር አልፈጠርኩም አለ። እውነቱን ነው። እኔ ከወንበሩ ኋላ ነበርኩ። ሺ ጡብ ከኋላ ብድግ ብሎ፣ ከዚያ በፊትም እምድጃዬ አፍ ድረስ መጥቶ ነበር እኮ ብሎ ጮኸ፤ አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ ጸሐፊው የዚያን እሑድ ቁጥር አነበበ። አንድ ሜትር ከሃያ።

ያኔ አየኸኝ። ሌላ ማንንም አላየህም።

ሰብሳቢው የምትለው ነገር አለህ? ብሎ ጠየቀህ። አሥር ደቂቃ ሽቅብ ብንሄድ መስመሮቹ እዚያው ነበሩ። አንተ እጆችህን አየሃቸው፣ የለኝም አልክ። ሕዝቡ ጥፋቱን አመነ ብሎ አጉረመረመ። የሰው ልብ ጉድ ነው፤ እኔም ካልተካደ እውነት ነው ማለት ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ራሴ የፈጠርኩትን ውሸት ራሴ ለማመን ሞከርኩ! በሳምንቱ ቀለበቱን በወረቀት ጠቅልዬ ላኩልህ። ሌባ አላገባም ብዬ እንዲነግርህ ለወፍጮ ቤቱ ባለቤት አደራ አልኩት። ሰውዬው ቃሉን ለማድረስ አፍሮ ወረቀቱን ብቻ እንደሰጠህ በኋላ ነገረኝ። እሱ እንኳ አፈረ። እኔ አላፈርኩም።

አንተ ከሄድክ በኋላ አዲስ መለኪያ ተተከለ። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ አንድም ቀን አልቀረሁም። በዝናብም፣ በትኩሳትም፣ እግሬ በተወለመጠ ጊዜ እንኳ በዱላ እያነከስኩ ወርጃለሁ። ሰው እንዴት ያለች ታታሪ ሴት አለኝ። ለአባቴ ስል ነው የማልናገረው እል ነበር፤ መዝገቡ ክብሩ ነው፣ እሱ ሲያልፍ እናገራለሁ እል ነበር። እሱ ያለፈው ባለፈው ዓመት ዝናቡ ሲያቆም ነው። ሊሞት ሦስት ቀን ሲቀረው እስክሪብቶ መያዝ አቅቶት እኔ ጻፍኩለት፤ እሱ ዓይኑን ጨፍኖ ልክ ነው? አለኝ። ልክ ነው አልኩት። የዚያን ቀኑ ልክ ነበር። ከሞተ በኋላስ ተናገርኩ? አልተናገርኩም። ሰበቡ ሞተ፣ ዝምታው ግን ቀረ። አባቴን ምክንያት አድርጌው እንደኖርኩ ያኔ ገባኝ።

አንድ ወር ይሆናል፣ አንዲት ወጣት መሐንዲስ መጣች። ድልድዩ እዚያው ቦታ ላይ ሊሠራ ነው። ጠረጴዛችን ላይ ተቀምጣ የአባቴን መዝገቦች እያገላበጠች ጽሑፉ እንዴት ያምራል ትላለች። ጣቷ በቁጥሮቹ ላይ ወርዶ ወርዶ ያቺ እሑድ ላይ ደረሰ፤ አለፈ። ወለሉን በድሮው ከፍታ አድርገን ሲሚንቶውን ብቻ እናጠንክረው ይሆናል አለች። በአዲሱ ድልድይ ላይ ትምህርት ቤት የሚሄዱት ሕፃናት ናቸው። የያዝኩትን ብርጭቆ አስቀመጥኩ። ተነሽ፣ የማሳይሽ ነገር አለ አልኳት።

የልብስ ድንጋዮቹ ጋ ወሰድኳት። ሻጋታውን በብሩሽ ፈግፍጌ መስመሮቹን አሳየኋት። አንተን ሳላነሣ ሁሉንም ነገርኳት፣ የት እንደነበርኩ፣ ምን እንዳልኩ፣ ምን እንዳላልኩ። ከዚያ ወደ ታች ወርደን ሺ ጡብን ጠራነው፤ አርጅቷል፣ ነገር ግን ውሃው የደረሰበትን ምድጃው ግድግዳ ላይ ምልክት አድርጎት ኖሯል። ለካ ያን ሁሉ ዓመት የሚጠይቀው ሰው ሲጠብቅ ነበር። ለካችውና ቁጭ ብላ ብዙ ጻፈች። ስትመለስ ድንጋዩ ላይ ያሉትን መስመሮች እያሰበች መሰለኝ፣ ማን ነው የቆረጣቸው? እጁ የሠለጠነ ነው አለችኝ። የድልድዩ ግንበኛ ነው አልኳት። ቆመች። ታዲያ ይህ ሰው አዳራሽ ውስጥ ለምን አልተናገረም? አለችኝ። ጫማዬን እንደማሰር ብዬ ጎንበስ አልኩ።

ባለፈው ቅዳሜ በዚያው አዳራሽ ሕዝቡ ተሰበሰበ። ጽፌ የያዝኩትን ሦስት ገጽ ራሴ አነበብኩት። አባቴ የነገርኩትን ከመጻፍ በቀር ጥፋት እንደሌለበት፣ አንተ አንዲት ከረጢት ሲሚንቶ እንዳላጎደልክ፣ ድልድዩን የጣለው የኔ ቁጥር እንደሆነ አነበብኩ። ሺ ጡብ ተነሥቶ፣ እህ! አሁን ማን ነው ውሸታሙ? አለ፤ ማንም አልሳቀም፣ እሱም ቁጭ ብሎ አለቀሰ። ጋሪ ነጂው ተነሥቶ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ሰላም አይለኝም፤ ላንተ ግን የምልከው ቃል አለኝ ብሎ አድራሻህን በሰው አስጠይቋል። ሰጥቼዋለሁ። የውሃ ቢሮው የጻፈው ደብዳቤም ከዚህ ጋር አለ። ማኅተም አለበት። የትም ብታሳየው ስምህ ንጹሕ ነው።

አንድ ነገር ብቻ አልጻፍኩም፤ ጠዋት ጠዋት ከማን ጋር እንደነበርኩ። ሰብሳቢው አዲስ ሰው ነው። ጠዋት ጠዋት መለኪያው ጋ ካልነበርሽ የት ነበርሽ? አለኝ። ልብስ ሳጥብ አልኩ። ከማን ጋር? አለኝ። ወረቀቶቼን አጠፍኩ። ሌላ የምትይው ነገር አለሽ? አለኝ። እጆቼን አየሁና የለኝም አልኩ። ያቺ ቃል ምን ያህል እንደምትከብድ የቀመስኳት ያኔ ነው። እኔ ለአንድ አፍታ ያዝኳት፤ አንተ ይኸው አሥራ አንድ ዓመት።

ይቅር በለኝ አልልህም፣ ያን ለመጠየቅ አፍ የለኝም። ሚስት ካለችህ ይህን ደብዳቤ አብራችሁ አንብቡት፤ ምን ዓይነት ሰው እንዳገባች ትወቅ። ልጆች ካሉህም ሲያድጉ አንብብላቸው። ቢሮው ሌላ ሰው እስኪያገኝ ልኬቱን የማነበው እኔው ነኝ፤ ስለዚህ ዘወትር በአንድ ሰዓት እታች መለኪያው ጋ ነኝ፣ ድንጋዮቹ ጋ የለሁም። ምናልባት የድሮ ሥራህን ለማየት ብትመጣ እኔን ለማየት እንዳትገደድ ብዬ ነው የምነግርህ። የድንጋይ ማውጫው እንደተውከው ነው። መሐንዲሷም ለአዲሱ ድልድይ ጠራቢ እየፈለገች ነው።

ፈጣሪ ትከሻህን ያበርታልህ። እጅህ የነካው ሁሉ ይቁም። ክፉ አይይህ፤ ያየኸው ይበቃል።

ያንተው የነበረችው፣
ልብስ አጣቢዋ